በክርስትና ስም የተጻፈ ድርጎ

በ፲፱፻፷፰ ዓ.ም. በላስታ የአንድ ገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበርሁ። የቤተ ክርስቲያን መሬት ለአራሹ ከተከፋፈለ ወዲህ ለካህናት መበለቶች የሚሰፈረው ድርጎ እየመነመነ ሄዶ ነበርና፣ ሴቶቹን ወደ ማኅበሩ የችግረኞች መዝገብ እንዳዛውር ታዘዝሁ። ብዕር የያዘ ሰው ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ከገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ያልሞላ ቁና ገብስ የያዙ አሮጊት መንገድ ላይ አገኘሁ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? ዛሬም አጉድለው ሰፈሩልዎት?»

«ተመስገን ነው ልጄ። ካላቸው ላይ ነው የሰጡኝ።»

«በእኛ መዝገብ ቢገቡ ሙሉ ቁና ያገኛሉ።»

«የእናንተ ምጽዋት ነው። ይህ ግን ባለቤቴ መሪጌታው ሠላሳ ዓመት ያገለገለበት ነው። በስተርጅና ከለማኝ ጋር ልሰለፍ?»

«ምጽዋትማ ሰጪው ሲያኮርፍ የሚቀር ነው። የእኛው ግን መብትዎ ነው፤ የደብሩ አለቃ ቢቀየሙዎትም አይቀርብዎትም።»

ቁናውን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩ። «እንግዲያስ ከዚያ ፍቀህ እዚህ ጻፈኝ» አሉ።

«በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ስምዎ ማን ነው?»

«ወለተ ሩፋኤል» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እንዳሉኝ ጻፍሁ፤ ከድሮውም መዝገብ አሰረዝኋቸው።

እህሉ በታደለበት ቀን እኔ ወልድያ ነበርሁ። ሊቀ መንበሩ ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ ስሙን ቢጠሩ አቤት የሚል ጠፋ፤ ታለፈ። ይህን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ወዲያው ቤታቸው ሄድሁ።

«ምነው እናቴ፣ ሳይመጡ ቀሩ?»

«መጥቼ ነበር።»

«ታዲያ ሲጠሩ ለምን አቤት አላሉም?»

«የክርስትና ስሜን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? መተተኛው የት እንደቆመ በምን አውቄ? ላንተ የነገርሁህ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስላልኸኝ ነው። ጎረቤት የሚያውቀኝ ይማርሽ ብሎ ነው።»

«ወደ ካህናቱስ አልተመለሱም?»

«ተዛውረሻል አሉኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልሁ።»

«ወሩን በምን አለፉት?»

«የመሪጌታን ዳዊት ለአንድ መንገደኛ ነጋዴ በገብስ ሰጠሁት። በእጁ የጻፈው ነበር።»

አፈርሁ። ወደ ድሮው ልመልስዎት ብላቸው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«ድርጎው ሰኔን እንደማይዘልቅ እኔም አይቻለሁ፤ ነገርህ እውነት ነው። ብቻ ሰው ስታዛውር፣ ይኸኛው እጁ ሳይገባ ያንን አትንጠቀው። ስሙንም ጎረቤቱን ጠይቅ። በል አሁን ይማርሽ ብለህ ጻፍ።»

ከዚያ ወዲህ አንዲት መበለት የመጀመሪያ እህሏን ሳትወስድ ከድሮው መዝገብ አላሰረዝሁም። አሥራ አራት ሴቶች አንድ ወር ሳይራቡ ተዛወሩ፤ የማንንም ፊት ሳያዩ ሙሉ ቁናቸውን ያገኙ ጀመር። አዲሱ ደንብ መልካም ነበር፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ ይህንኑ እላለሁ።

ዳዊቱን ግን በላሊበላ ገበያ ሦስት ቅዳሜ ፈልጌ አጣሁት። እማማ ይማርሽም አገኘኸው ወይ ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም።