የቶስካናው ጠርሙስና የፋና ተክሊል

አባ ገብረ ጻድቅ፣ ወዲህ ጠጋ ይበሉ፤ በሩ አጠገብ ንፋሱ ይመታዎታል። ለአንኮበር ሰው የደብረ ብርሃን ብርድ ምኑ ነው ይሉኝ ይሆናል... ቢሆንም ጋቢዎን ደረብ ያድርጉ። መንገዱስ እንዴት ነበር? እሰይ፣ ተመስገን።

እስቲ ይችን ወይን ይቅመሱልኝ። ከጣሊያን፣ ከቶስካና ድረስ ነው የመጣችው። አምጪው እዚያ ማዶ ተቀምጧል፤ የእህቴን ልጅ ፋናን የፊታችን እሑድ የሚያገባውን ሰው ስሙን ምን አስጠራኝ? ወይ ጨዋነት! ከገባ ጀምሮ አንገቱን ቀና አላደረገም እኮ። በዛሬ ዘመን እንዲህ የሚያፍር ሰው ከየት ይገኛል?

ጣፈጠዎት? እኔንም ጣፍጦኛል፣ ምን እዋሻለሁ። መጀመሪያ ምላስ ይይዛል፣ ኋላ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። «የእርሻው አንደኛ ነው» ብሎ ነው የሰጠን። ፋና ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አይደለች? የጠርሙሱን ጽሑፍ በስልኳ ብታየው ለካስ የእርሻው ሁለተኛ ኖሯል! ለአንደኛው ያልበቃውን ፍሬ፣ ሦስት አራት ዓይነቱን ቀላቅለው፣ በሌላ ስም ያሽጉታል አሉ። ታዲያ ምን አለበት? ሁለተኛ መሆን ነውር ነው እንዴ? ባለእርሻዎቹም አልደበቁት፤ «ከዚህ በፊት ሌላ አለን» ብለው በግልጽ ይናገራሉ። አይ ፈረንጅ... ምን አስለፈለፈው? የእኛ ሰው ይሻላል፣ ዝም ይላል።

ደግሞ «ተክሊል ካልሆነ አላገባም» ማለቱ! ስንቱ ጎረምሳ ማዘጋጃ ቤት ፈርሞ ሲገላገል እሱ ሴት ላላወቀ የተሠራውን ሥርዓት መረጠ። ዘጠኝ ዓመት እዚያው ቶስካና፣ ፍሎረንስ ከተማ ኖሮ እንደሄደ ተመለሰ። ይታይዎታል አባ? ንስሐውን የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት፣ ይህንን ንጽሕናውን በጆሮዎ ነግሮዎታል አይደል? ኧረ አይንገሩኝ፣ የንስሐ ነገር ነው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ፤ እኔን ግን የጠቀመኝ የሩቁ ነው። የአጎቴ ልጅ ፀደንያ እዚያው ፍሎረንስ አሮጊት ትጠብቃለች። ትናንት ደውዬ «ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» ብላት አመሰገነችው፣ አመሰገነችው... ቤት አያያዙን፣ ዘንቢል ተሸክሞ ገበያ መውጣቱን፣ እሑድ እሑድ ተያይዘው ቤተ ክርስቲያን መምጣታቸውን። «ከማን ጋር?» ልላት ስል ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ እንደሆነ ያውቁታል። ማታ ግን መልሳ ደወለችልኝ።

ፋና እናት የላትም አባ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ሆዴ ቢባባ አይፍረዱብኝ። እሑድ አክሊል ደፍታ እርስዎ ፊት ስትቆም አጠገቧ ማን እንደቆመ እንድታውቅ ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምን አለኝ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ... ሠርጉ ካደረ ወዲያ ቢጠራ ለእሷ ምን ሊፈይድላት?

ተዉኝ፣ ወይኑ ነው የሚያስቀባጥረኝ። ይልቅ ብርጭቆዎን ያንሡና አብረን እንመርቀው። ትዳሩን የአብርሃም የሣራ ያድርግለት። ጎጆውን ሞልቶ ያትርፍለት። በዓመቱ ወንድ ልጅ ያሳቅፈው፤ መልኩም ቁርጥ አባቱን ይሁን... ፍሎረንስ ያለችው የአራት ዓመት እህቱ የተገናኙ ለት እንዳይጠፋት። አሜን።