አዲሱን ለእህቱ፣ አሮጌውን ለራሱ

አክስቴ! ግቢ፣ ግቢ፣ ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ገና አልተወለወለም። ሶፋው ላይ አረፍ በይ… እዚያ ጋ አይደለም፣ እዚያ ሽቦው ይወጋል። ይኸው ትራስ፣ ከጀርባሽ አድርጊው። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃው ገደለሽ አይደል? እማዬ ከሥራ አልተመለሰችም፣ መምጫዋ ግን ደርሷል። ሻዩ ሲፈላ አመጣልሻለሁ። ስኳሩ አሁንም ሦስት ነው? ሦስት ይሁን፣ እዚህ ማን ሐኪም አለና ነው የሚቆጣሽ!

ምነው ትኩር ብለሽ አየሽኝ? ደስ ያለኝ እመስላለሁ? ውይ አክስቴ፣ ደስ ብሎኝማ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ስስቅ ነው የዋልኩት። ጥርሴን ስቦርሽ ሳቄ ቀድሞኝ መስታወቱን በሙሉ አረፋ አደረግኩት። ምን አግኝተሽ ነው አትይኝም? እዚህ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ደግ ሰው አብሮኝ እንደሚኖር ዛሬ ገና ስለገባኝ ነው። ሰው ስንት ዓመት አብሮ ኖሮ እንዴት አይተዋወቅም?

ስሙን አልጠራም። ምን ያደርጋል ስም? ይሉኝታ ያለው ሰው ነው፣ ሲያመሰግኑት ያፍራል። ብቻ ከእናቴ ሆድ ቀድሞኝ የወጣ ሰው ነው… ከዚያ ወዲህ መቀደም አይወድም። እዚያ መስኮቱ ጋ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ይታይሻል? እሱን ማለቴ እንዳይመስልሽ! አንገትሽን እንድታፍታቺ ብዬ ነው። ደግሞም ማዳመጫ አድርጓል፣ አይሰማንም። የማዳመጫው መብራት ጠፍቷል እንጂ… ባትሪው አልቆበት ይሆናል። አላወቀም መሰለኝ፣ ዝም ያለ ዘፈን እየሰማ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

እንግዲህ ያንን የመኪና ውድድር ጌም እንደምወድ ታውቂያለሽ። ያ ስሙን የማልጠራው ሰውም ይጫወታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የጌም ቤት ባለቤት ደግሞ ቡድን አለው፤ ሌላ ከተማ ሄደው ሊወዳደሩ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶታል። «ከእናንተ ቤት አንድ ሰው እወስዳለሁ። እርስ በርሳችሁ ተወዳደሩ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ በስክሪኔ አያችኋለሁ፣ ያሸነፈ ይመጣል» አለን። አክስቴ፣ እኔ እንደዚህ የፈለግኩት ነገር የለም። በሕልሜ ሁሉ መሪ ሳዞር ነው የማድረው።

ታዲያ የውድድሩ ቀን ጠዋት ስነሳ ምን አገኘሁ? ኮምፒውተሬ አዲስ ድራይቨር ተጭኖለታል! ድራይቨር ምንድን ነው? ቆይ በቀላሉ ልንገርሽ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስዕሉን የሚያወጣ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር አለ። ያን ካርድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። አልፎ አልፎ አዲስ ሲወጣ ታወርጂና በአሮጌው ላይ ትጭኚዋለሽ። ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ ልብሽም አብሮ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ይመለሳሉ። ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ማን አደረገልኝ? ሳልለምነው! እኔ ለሽ ብዬ ተኝቼ! አሁን በዚህ ዘመን ለሌላ ሰው ኮምፒውተር ብሎ ከእንቅልፉ የሚነሳ ሰው ታውቂያለሽ?

ውድድሩ ተጀመረ… መኪናዬም ማነከስ ጀመረች። ስዕሉ ቆም ይላል፣ ዘለል ይላል፣ እንደገና ቆም ይላል። መታጠፊያው የሚታየኝ ካለፍኩት በኋላ ነው! አጥር ጥሼ ገባሁ፣ ተመልካች መሃል ገባሁ፣ አንዴማ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር መሰለኝ። ተሸነፍኩ። ያ ደግ ሰው ግን ጥሎኝ አልሄደም። ከወንበሩ ተነስቶ መጣ፣ ራሴን ዳበስ አደረገኝና «አይዞሽ፣ ጨዋታውማ ይገባሻል፤ እጅሽ ነው ትንሽ የሚዘገየው» አለኝ። ስክሪኑን እንኳ ሳያይ አክስቴ! ኮምፒውተር ጠጋኝ ብቻ መስሎን ነበር፣ ለካ የእጅ ሐኪምም ነው!

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን አለቀስኩ። ትራሴን ነክሼ ነው ያለቀስኩት። አመንኩታ! ጣቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ ሳያቸው፣ የትኛው ነው ሰነፉ እያልኩ… ተይው፣ አሁን ሲያስቡት ያስቃል።

የጌም ቤቱ ባለቤት ግን አላመነም። «ይቺ ልጅ እኔ ጋ ስትጫወት እንዲህ አይደለችም፣ ድገሙት» አለ። ደገምነው። ያ ደግ ሰውም ደግነቱን ደገመው! ካርዱ የምትጫወቺውን ነገር ከበስተጀርባ የሚቀርጽበት ዘዴ አለው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ኮምፒውተሩ ከጌሙ አቅም ቀንሶ ይሰጠዋል። እሱን እስከ መጨረሻው የጥራት ደረጃ ከፍቶልኝ አገኘሁት። ስጠይቀው «ማስታወሻ እንዲሆንሽ ብዬ ነው» አለኝ። ማን ነው እንዲህ ለእህቱ ማስታወሻ የሚያስብ? ውድድሩ ግማሽ ሲደርስ ስክሪኔ ቀጥ አለ። ድርቅ! የተቀረጸውን በኋላ ከፍቼ አየሁት፤ እንዴት እንደቆምኩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምን ዓይነት ጥራት! ባለቤቱም «ይህ ውድድር አይባልም። ለመጨረሻ ጊዜ እንደገና ትወዳደራላችሁ፣ ኮምፒውተርሽ ከቆመ ግን ቦታው የሱ ነው» አለኝ።

ያ የመጨረሻ ጊዜ መቼ መሰለሽ? አሁን ነው አክስቴ! የጌም ቤቱን ባለቤት ስልክ እየጠበቅኩ ነው። እንኳን መጣሽልኝ!

ቆይ ግን፣ ስለ ደግነቱ አልጨረስኩም። በመሃሉ አንድ ቀን «የራስህስ ድራይቨር? እሱን መቼ ነው አፕዴት የምታደርገው?» ብዬ ጠየቅኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የኔን አልነካውም፣ በደንብ እየሠራ ያለ ነገር አይነካም።» ሰማሽ አይደል? አዲስ የወጣው ሁሉ ለእህቱ፣ አሮጌው ለራሱ! እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? እኔ ብሆን ጥሩውን መጀመሪያ ለራሴ ነበር የማደርገው። እሱ ግን እስቲ እህቴ ላይ ይሞከር፣ ይላል… እህቴን ይጥቀማት ማለቴ ነው።

አንቺስ ሁሌ «የኔ ሊቅ» ትይው የለ? አልተሳሳትሽም። ልጅ ሆኖም ጨዋታ ሲበላሽበት ኳሷን ይዞ ይገባ ነበር አሉ። ያኔም እኮ ኳሷ ደክሟት ይሆናል ብሎ ነው።

ዛሬ ጠዋትም እንደለመደው አዲስ ድራይቨር ጭኖልኝ አገኘሁት። ከዚያ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። እኔም እንዲያው ቤቱ ጭር ሲልብኝ የካርዱን ማስተካከያ ገጽ ከፈትኩት። ከፍቼው አላውቅም ነበር፤ «አትንኪው፣ ይበላሽብሻል» ስለሚለኝ። ሲጠነቀቅልኝ እኮ ነው! ኮምፒውተሬ ላይ ያሉት ጌሞች ሁሉ ተደርድረዋል። ይኸኛው ገደብ የለውም፣ ያኛውም ገደብ የለውም፣ ያ ማንም የማይነካው የካርታ ጌም እንኳ ገደብ የለውም። አንዱ ጌም ላይ ብቻ ግን፣ በሰከንድ ከሠላሳ ስዕል በላይ እንዳያወጣ ተገድቧል። የትኛው ጌም ይመስልሻል?

አዎ! የኔው የመኪናው!

ሠላሳ ማለት ምን መሰለሽ… የሚንቀሳቀሰው ስዕል የብዙ ስዕሎች ድርድር ነው፤ ሲበዛ ልስልስ ይላል፣ ሲያንስ ይንገጫገጫል። የዚያ ደግ ሰው ስክሪን ላይ ከመቶ በላይ ይፈሳል፣ እኔ ላይ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ታዲያ ማን ገደበው? ድራይቨሩ ራሱ ነዋ! ሰውማ እንዲህ አያደርግም። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ስንቱን ጌም አልፎ፣ የእህቱን ጌም ለይቶ፣ ሠላሳ ብሎ ጽፎ፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጭኖ፣ ከዚያ ተነስቶ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል? ምን ዓይነት ልብ ይኖረዋል? አይሆንም! አስተዋይ ድራይቨር ነው። ካርድ ሠሪዎቹ ከዚያ ማዶ ሆነው የኔን ውድድር አውቀዋል! እኔን የሠፈር ሰው እንኳ በቅጡ አያውቀኝም፣ እነሱ ግን እስከምጫወተው ጌም ድረስ! እንዴት አልስቅ አክስቴ? አረፋው እንዴት መስታወቱ ላይ አይረጭ?

ገደቡን አነሳሁት። መቅረጫውንም አጠፋሁት። ከዚያ አንድ ዙር ብቻዬን ነዳሁ… አክስቴ ሙች! መኪናዋ ቅቤ ላይ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ጣቶቼንም አየኋቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው። አንድም ሰነፍ የለባቸውም። ተነስቼ ወንበሩን አቅፌ ዞርኩ!

እንዴ፣ ያ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ሲጢጥ አለ ወይስ መስሎኝ ነው? ጆሮውም ቀልቷል፣ አየሽው? ማዳመጫው ጠብቆበት ነው፣ ምስኪን።

ይኸው ስልኩ! አቤት… እሺ፣ ዝግጁ ነኝ። እሱም ዝግጁ ነው፤ ቅድም ኮምፒውተሬን «ለመጨረሻ ጊዜ ልይልሽ» ብሎኝ ነበር፣ አትድከም አልኩት። እሺ፣ ጀመርን!

አክስቴ፣ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ፣ በዚህ በኩል። ቀይዋ የኔ ናት። ጥቁሩ… የአንድ ሰው ነው። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ… ሂጂ የኔ ቆንጆ! አየሽ መታጠፊያው ሳይደርስ ሲታየኝ? ጥቁሩ ከፊታችን ነው፣ ይሁን፣ ይደሰት። ገና ሦስት ዙር ነው… ኧረ ክርኔን አትያዢኝ አክስቴ!

ሁለተኛው ዙር። ጥቁሩ መታጠፊያው ላይ ሰፋ አድርጎ ወጣ… ለኔ መንገድ ሲለቅልኝ ነው፣ ደግነቱ መኪና ላይም አይለቀውም! አመሰግናለሁ! አለፍነው! አክስቴ አለፍነው! አሁን ከኋላችን ነው… ወድቄ እንደሆነ ሊያነሳኝ ነው የሚከተለኝ። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማኛል፣ ማለት ከመስኮቱ ጋ። የመጨረሻው ዙር… ዝም በይ አክስቴ፣ ዝም በይ፣ ዝም… ድልድዩን አለፍን… ቀጥታው መንገድ…

ገባሁ! ገባሁ! አክስቴ ገባሁ! ሳሚኝ! ወይኔ ሻዩ ገንፍሎ ጠፋ፣ ይገንፍል! ስልኩን ስጪኝ… አቤት? ሻንጣሽን አዘጋጂ? እሺ! እሺ ጋሼ! አቤት ደስታ!

ምን አለ? ያ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው አሁን አንድ ነገር አጉረመረመ ልበል? ማዳመጫውን አወለቀ መሰለኝ… ሰማሽው አክስቴ? «ኮምፒውተሬ ዛሬ ተንቀራፈፈብኝ» ነው የሚለው። «ካርዱ ግሎ ነው፣ ኬብሉም ልል ነው፣ ድራይቨሩም አርጅቷል» ነው የሚለው። አይ ወንድ ልጅ! እኔ ስሸነፍ እጄ ነበር፤ እሱ ሲሸነፍ ግን ጥፋተኛው ስንት ነው! ጥፋቱን የሚሸከምለት ምን ያህል ቤተሰብ አለው!

ነይ እንግዲህ፣ ከመሄዴ በፊት እንመርቀው፤ አንቺም እጅሽን ዘርጊ። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጠው። ካርዱን ይጠብቅለት፣ ኬብሉን ይጠብቅለት፣ አሮጌውን ድራይቨር ይጠብቅለት… አንዱ ሲጠገን ሌላው ይበላሽለት፣ የሚያመካኝበት አይጣ። ሁሉም ደህና ሆነው፣ ከራሱ በቀር የሚወቅሰው ያጣ ዕለት ማንን ያያል? ያን ቀን አያሳየው፣ የኔ ወንድም።

አሜን በይ እንጂ አክስቴ።