የንስሐ አባቴን የከለከልኩት እሸት

ይህን ሳነሳው ልቤ ዛሬም ይዘላል። ጎባ መሬት ተመርተን በሰፈርን በሦስተኛው ክረምት ነው። ከሸዋ ተሸክሜ ያመጣሁት ባቄላ በየዓመቱ አበባው ሲያምር ጉም ይወርድበታል፣ ቅጠሉ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ በሳምንቱ ማሳው እሳት የለበለበው ይመስላል። ያን ዓመትም ሰባት እግር ብቻ ለምልመው ቆሙ። የንስሐ አባቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን መጡ። እሳቸውን እሸት ሳላቀምስ እንዴት ልሸኝ? ልነቅል ጎንበስ ስል ጎረቤቴ ሽማግሌው ኦቦ ገመዳ እጄን ያዙኝ።

«ተዋቸው» አሉኝ።

«እንግዳ አለብኝ ኦቦ፤ ሌላ እሸት የለኝም።»

«እኛ ገብስ ሲታመምብን የቆመውን ለዘር እናስቀራለን። አንተ በየዓመቱ የዳነውን ትበላለህ፣ የታመመውን ትዘራለህ።»

እውነታቸውን ነው፤ አምናም ካቻምናም አረንጓዴውን እየመረጥን የጨረስነው እኛው ነን። ለንስሐ አባቴ በእሸቱ ፈንታ ቆሎ አቀረብኩላቸው፤ ቅር ብሏቸው ሄዱ። የሰባቱን ፍሬ ለብቻው አድርቄ ለብቻው ዘራሁት። በዓመቱ ጉሙ ሲገለጥ የጎረቤቱ ባቄላ ሁሉ ጠቁሯል፣ የእኔዋ ቁራሽ መደብ ግን ለምልማ ቆማለች። ብቻዬን እልል አልኩ።

አባ መጥተው በአጥሩ አሻግረው አዩ። የእሳቸውም ባቄላ ነዷል።

«ዘንድሮስ ታቀምሰኛለህ?»

«አይቀመስም አባቴ። ሲደርቅ ግን ለዘር እሰጥዎታለሁ።»

አባ የጋቢያቸውን ጫፍ ከወዲሁ ዘርግተው፣ ስንት እፍኝ እንደሚቋጥር ይለኩ ጀመር።