ዲስኩ ያልያዘው አራት ደቂቃ

አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የደምሰው ፎቶና ቪዲዮ ቤት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፤ ከተፋቱ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ደምሰውና ውድነሽ ኮምፒውተር ፊት ቆመዋል፤ ልጃቸው ሶስና እሑድ ታገባለች።

ውድነሽ፦ ይህቺ እናቴ አይደለችም።

ደምሰው፦ እናትሽ ካልሆነች ማን ናት? ነጠላው የእሷ፣ ወንበሩ የእሷ፣ ድንኳኑ እናንተ ግቢ የተጣለው ድንኳን።

ውድነሽ፦ ፊቷን እየው።

ደምሰው፦ ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩን ያስለፋሁት በእሱ አይደል? የሠርጋችን ሲዲ ላይ ፊቷ የተደፋ ሹሮ ነበር የሚመስለው። አሁን የቅንድቧ ፀጉር ይቆጠራል። ሶስና የሠርጌ ቀን የአያቴ ምርቃት በስክሪን ይታይልኝ አለች፤ ይኸው ይታይላታል። ምስጋናው ቢቀር ዝም ማለት አያቅትሽም።

ውድነሽ፦ ግራ ዓይኗ ያያል።

ደምሰው፦ እና?

ውድነሽ፦ የእናቴ ግራ ዓይን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሞራ ለብሶ ነጭ ነበር። አማችህ ነበረች እኮ። እስክትሞት ድረስ ስድስት ዓመት ከእጇ በልተሃል።

ደምሰው፦ ፕሮግራሙ ነው። የጎደለ ካገኘ ይሞላል።

ውድነሽ፦ ከየት አምጥቶ?

ደምሰው፦ ካያቸው ሰዎች። ስንትና ስንት ፊት አይቷል፤ ከእነሱ እየገመተ ያስተካክላል።

ውድነሽ፦ የማላውቃትን ሴት ዓይን እናቴ ፊት ላይ ለጥፈህ ዘመድ አዝማድ ፊት ልታሳየኝ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ። እኔ የጠየቅኩህ ዋናውን ካሴት ነው።

ደምሰው፦ ካሴቱ የለም አልኩሽ። ሌላ ሠርግ ቀረጽኩበት። ያኔ ባዶ ካሴት እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

ውድነሽ፦ በገዛ ሠርግህ ላይ?

ደምሰው፦ ወደ ሲዲ ገልብጬው የለ እንዴ! ሁለት ቦታ ምን ያደርግልኛል?

ውድነሽ፦ ሲዲው ላይማ እናቴ ሹሮ ናት፤ አሁን ራስህ አልክ።

ደምሰው፦ ሲዲ የሚይዘው ሰባ አራት ደቂቃ ነው፤ የሠርጋችን ቀረጻ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነበር። ተቆረጠ፣ ተጨመቀ። ሲጨመቅ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ቦታ ይበላል። ያንቺ ዘመዶች እስክስታ ሲወርዱ ማሽኑ ትከሻቸውን ሲያሳድድ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው ይደበዝዛል። የእኔ ክፋት አይደለም፤ አሠራሩ ነው።

ውድነሽ፦ ጥፋቷ አለመጨፈሯ ነው በለኛ።

ደምሰው፦ አሠራሩ ነው አልኩሽ።

ውድነሽ፦ አሠራሩስ ቁርጥ አንተን ይመስላል። ከፊትህ ለሚውረገረግ እንጂ እቤት ለተቀመጠ ቦታ ኖሮህ አያውቅም።

ደምሰው፦ ጀመረሽ። ስሚ፣ ዲስክ የሚባል ነገር ራሱ ሞቷል። የዛሬ ላፕቶፕ መክተቻ እንኳ የለውም። እሑድ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፣ በትልቁ ስክሪን እለቀዋለሁ፤ ሰው ቁርጡን ይበላል እንጂ የማንንም ዓይን አይቆጥርም።

ውድነሽ፦ ሲዲ የመጣ ጊዜ ካሴት ሞተ አልክ። ዲቪዲ ሲመጣ ሲዲ ሞተ አልክ። ቀጥለህ ወደፊቱ ብሉ ሬይ የሚባለው ዲስክ ነው ብለህ ያን ማሽን ከዱባይ አስመጣህ፤ አንድ ደንበኛ እንኳ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። አሁን ዲስኮቹን ፓፓያህ ላይ ሰቅለህ ወፍ ታባርርባቸዋለህ። የወደፊቱን ገምተህ የያዘልህ መቼ ነው?

ደምሰው፦ ወፎቹ ግን ሸሽተዋል።

ውድነሽ፦ እኔ እንኳ የሚመስለኝ ከመጀመሪያውም ደህና አልተቀረጸችም።

ደምሰው፦ ምን ማለትሽ ነው?

ውድነሽ፦ ካሜራውን የያዘው ያ ሰካራም ረዳትህ ነበር። መብራቱን አንተ ራስህ በሙሽራ ሱፍ ወንበር ላይ ወጥተህ ስታቆም ሰው ሲስቅብህ ትዝ ይለኛል። ከመነሻውም ጭጋግ ነው የቀረጻችሁት። አሁን መጭመቁ ላይ ታሳብባለህ።

ደምሰው፦ የእኔን መብራት? በዚያ ጊዜ አዳማ ውስጥ እንደኔ መብራት የሚያቆም ካለ አንድ ሰው ጥሪልኝ።

ውድነሽ፦ ጭጋግ ነው።

ደምሰው፦ ዘንድሮ መስከረም ላይ እንኳ ሳየው የነጠላዋ ጥለት ከነቀለሙ ነው! አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቢጫው ቢጫ። የግራ ዓይኗ ነጭ እንኳ ሳይቀር…

ውድነሽ፦ ቀጥል እንጂ።

ደምሰው፦ ቆይ፣ ሻይ ልዘዝልሽ።

ውድነሽ፦ መስከረም ላይ ያየኸው ሌላ ሠርግ የተቀረጸበትን ካሴት ነው? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ለአንተ ብቅልም አያስፈልግ፣ ኩራትህ ይበቃል።

ደምሰው፦ እሺ፣ አለ። መደርደሪያው ላይ ነው። እና ምን ታመጫለሽ?

ውድነሽ፦ ለምን እንደምፈልገው ታውቃለህ።

ደምሰው፦ ለምርቃቱ አይደል? ምርቃቱ ሲዲው ላይ አለልሽ።

ውድነሽ፦ ምርቃቱ አለ። ከምርቃቱ በፊት ያለው አራት ደቂቃ ነው የሌለው። ጉልበቷን ልትስም ስትንበረከክ እናቴ እጅህን ያዘችህ። «ኮሌጇን እስክትጨርስ ልጄን ከትምህርቷ ላታስቀራት ማልልኝ፤ ሳትምል አልመርቅህም» አለችህ። ሽማግሌው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። «እናቴ ትሙት» ብለህ ማልክ። ከዚያ ነው እጇን ራስህ ላይ የጫነችው። ሲዲው ላይ ግን ትንበረከካለህ፣ ትመረቃለህ፣ ትነሣለህ።

ደምሰው፦ ቦታ አልበቃም ነበር።

ውድነሽ፦ ለሚዜዎችህ ጭፈራ ሃያ ደቂቃ በቅቷል። ምርቃቱን ወሰድክ፣ መሐላውን ቆርጠህ ጣልክ።

ደምሰው፦ ስንት ዓመት ያለፈውን ነገር ዛሬ ታመጪብኛለሽ! ደግሞ ማንም አላስቀረሽም፤ ራስሽ ነሽ የተውሽው።

ውድነሽ፦ ለሶስናም ይህንኑ ነው የነገርካት።

ደምሰው፦ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት።

ውድነሽ፦ ሦስተኛ ዓመት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ላይ ናት። ሽማግሌ ከተላከ ጀምሮ እጮኛዋ ሮቤል ጅማ ይዟት ሊሄድ እንደሆነ፣ «ትምህርቱ በኋላ ይደርሳል» እያለ እንደሚያግባባት እሰማለሁ። ትናንት ትምህርት ማቋረጫ የዊዝድሮው ፎርም ይዛ መጣች። የእሷ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። «በኋላ ይደርሳል» የማን ቃል እንደነበረ ታስታውሳለህ?

ደምሰው፦ ሮቤል ጨዋ ልጅ ነው።

ውድነሽ፦ አንተም ጨዋ ነበርክ። ሰፈሩ ሁሉ መስክሮልህ ነው የሰጡኝ።

ደምሰው፦ ልጅቷ አድጋለች፤ የራሷን ታውቃለች።

ውድነሽ፦ የምታውቀው አንተ የነገርካትን ነው። «የእኔን ስሕተት አትድገሚ፤ አባትሽ ለአያትሽ ምሎ ነው ያስቀረኝ» ስላት ምን አለችኝ መሰለህ? «አባዬ እኮ ራስሽ ሰልችቶሽ እንደተውሽው ነው የነገረኝ። ማስረጃ አለሽ?» አለችኝ። የወለድኳት ልጅ ማስረጃ ጠየቀችኝ፣ ደምሰው። ለዚህ ነው ካሴቱን የምጠይቅህ።

ደምሰው፦ እና በሠርጓ ሳምንት አባቷን ውሸታም አድርገሽ ልታሳያት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ልጅቷ ከእጅሽ እንዳትወጣ ተጠንቀቂ።

ውድነሽ፦ ብትቀየመኝም ተምራ ትቀየመኝ። አራስ ቤት ሆኜ «ለፈተናው ብቻ ልሂድ» ብዬ ስለምንህ ደብተሬን ሣጥን ውስጥ ቆልፈህ ቁልፉን ይዘህ ሠርግ ልትቀርጽ ሄድክ። ለምን እንደሆነ እንኳ አንድ ቀን አልነገርከኝም።

ደምሰው፦ ፈርቼ ነው።

ውድነሽ፦ ምን?

ደምሰው፦ ፈርቼ ነው አልኩሽ። አስተማሪ ትሆናለች፣ እኔ ካሜራ ተሸክሜ የሰው ድንኳን ለድንኳን ስዞር ትንቀኛለች ብዬ ፈራሁ። ይኸው፣ ሰማሽ። ደስ አለሽ?

ውድነሽ፦ ሳልማርም ናቅሁህ። ምን ተረፈህ?

ደምሰው፦ ምላስሽን ግን የሚጨምቅ ማሽን እስካሁን አልተሠራም።

ውድነሽ፦ ለእሱ ብሉ ሬይም አይበቃውም። ካሴቱን አምጣ።

ደምሰው፦ ከፍቺው በኋላስ ማን ያዘሽ? ለምን ተመልሰሽ አልተማርሽም?

ውድነሽ፦ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ልጅህን ሳስተምር ነበራ። አሁን ልታቋርጠው የያዘችውን። ካሴቱን አምጣ።

ደምሰው፦ እሺ። ቆይ፣ ላውርደው። ይኸው። አቧራውን እንኳ አልጠረግኩልሽም።

ውድነሽ፦ ምነው እንዲህ ቀለለህ?

ደምሰው፦ ደከመኝ። ያንቺው ይሁን፤ ከዛሬ ወዲያ ግን በዚህ በር እንዳትመጪብኝ።

ውድነሽ፦ በፈቃድህ ሰጠኸኝ? ነገ ሰረቀችኝ እንዳትል።

ደምሰው፦ በፈቃዴ። ብርሃን ባለበት ቦታ አስቀምጪው፤ ያምራል።

ውድነሽ፦ ትስቃለህ።

ደምሰው፦ እንዴት አልስቅም! በምን ልታጫውቺው ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አዳማ ውስጥ የሚሠራ የካሴት ዴክ አንድም አልቀረም። የመጨረሻው የእኔ ነበር፤ እሱንም ኅዳር ላይ ሸጥኩት። አንቺ ዴክ ፍለጋ አዲስ አበባ ደርሰሽ እስክትመለሺ ሠርጉም ያልፋል፣ ፎርሙም ገብቶ ያድራል።

ውድነሽ፦ ለማን ሸጥከው?

ደምሰው፦ ለአንድ የሞጆ ሰውዬ። ምን ያደርግልሃል ብለው ለትዝታ ነው አለኝ። ዘንድሮ ትዝታ የሚገዛ ሞኝ አይጠፋም።

ውድነሽ፦ ይሠራ ነበር? ወይስ ቀፎውን ነው የሸጥክለት?

ደምሰው፦ እኔ የማይሠራ ዕቃ አልሸጥም! ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠርጌ፣ ጎማውን ቀይሬ፣ አጫውቼ አሳይቼው ነው የወሰደው። ገና አሥር ዓመት ያለ ጥገና ይሄዳል።

ውድነሽ፦ እሱን ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው። የሞጆው ሰውዬ አንተ አይተኸው የማታውቅ የአክስቴ ልጅ ነው። ዴኩ ከጧት ጀምሮ እቤቴ ተሰክቶ ቆሟል፤ ሶስናም «እስክትመጪ አልፈርምም» ብላ ፎርሙን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።