ዘሀራ ጀልባዋን የጎተተች ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሐይቅ ማለት ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ነው እንጂ ሰው ከቤቱ ተነስቶ ሄዶ ቁጭ ብሎ የሚያየው ነገር አልነበረም። "ሐይቁን ላየው ልሂድ" ብል እናቴ "ምን ነካሽ፣ አሞሻል እንዴ?" ነበር የምትለኝ። ወላሂ! አሁን ግን ይኸው፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለው ሐይቃችን መዝናኛ ይሁን ተባለና ሣሩ ታጨደ፣ አንድ ጀልባ መጣ፣ ሰውም ዘወር ዘወር ማለት ጀመረ። ታዲያ ቦታውን እናሻሽለው ተብሎ ኮሚቴ ሲቋቋም ከእናቶች እኔን ሀዋን መረጡኝ። እኔ ስለ መዝናናት ምን አውቃለሁ? "እርስዎ ያሰቡትን ይናገራሉ፣ ሰው አይፈሩም" አሉኝ። እሱስ እውነት ነው።

እና ይሄን የማወራችሁ ስለ ሐይቁ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ልጄ ስለ ዘሀራ ነው። እናንተ የምታውቋት የዛሬዋን ነው። ከጅዳ ስትመለስ እንዲህ አልነበረችም። ስንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ይህን ቤት አሠርታ፣ ታናናሾቿን አስተምራ መጣች፤ ታዲያ አካሏ መጣ እንጂ እሷ አልመጣችም። በር ዘግታ ትተኛለች። ጎረቤት እንኳን ደህና መጣሽ ሊላት ሲመጣ "እማ፣ ተኝታለች በያቸው" ትለኛለች። ገበያ ስላት እምቢ፣ ሰርግ ስላት እምቢ። "ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?" "ምንም።" "የሚያምሽ ነገር አለ?" "ምንም።" ምንም፣ ምንም፣ ምንም! እኔም ዱዓ ከማድረግ በቀር ምን አደርጋለሁ?

ታዲያ ኮሚቴው ሐይቁን ዞሮ ሊያይ የወጣ ዕለት፣ ዝናብ ሲጥል አድሮ ጨፌው ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጉልበቴን ታውቁታላችሁ። "ዘሀራ፣ ብወድቅስ? ነይ ደግፊኝ እንጂ" አልኳት። "እማ፣ ሌላ ሰው የለም?" አለችኝ። "የለም!" አልኳት። ስንቱ ነበር እኮ! (እማማ ሀዋ ሳቁ።) ብቻ እንደ ምንም ከቤት አወጣኋት።

ሄድን። ሀብታሙ የሚባል ወጣት መሐንዲስ አለ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ንድፉን ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። አያ ከበደም አሉ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ሐይቁ ዳር የሚያርሱት፤ ድምፃቸውም ትልቅ፣ ዱላቸውም ትልቅ። ሀብታሙ ወረቀቱን ዘረጋና "እዚህ ጋ ካፌ ይሆናል፣ እዚህ የሕፃናት መጫወቻ፣ ዙሪያውን ደግሞ በሽቦ እናጥርና በአንድ በር ይገባል" አለ። አያ ከበደም "አጥሩ ደግ ነው! ከብትም አይገባ፣ ዱርዬም አይገባ፣ የከፈለ ብቻ ይገባል!" አሉ። እኔም "ልብስ የምናጥብስ?" አልኩ። "እሱን እናስብበታለን" አሉኝ። እናስብበታለን! እኔ ይቺን ቃል ሳውቃት! ደግሞ ብርዱም አለ፣ ሁሉም ቸኩሏል፣ በቃ ተስማምተናል ሊባል ነው። ሀብታሙ ግን "እስቲ መጀመሪያ ከውሃው ላይ ሆነን ዳርቻውን እንየው" አለና እሱና አያ ከበደ ጀልባው ላይ ወጡ።

አያ ከበደ ከተወለዱ ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ግን ሊቀመንበር ናቸዋ፣ እንዴት ብለው ፈራሁ ይበሉ? ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። ሀብታሙ "አያ ከበደ፣ ይቀመጡ እንጂ" ቢላቸው "ቆሜ ነው የማየው!" አሉ። ታዲያ ጀልባው ዘንበል ሲል ውሃ ገባበት፣ እሳቸው መሀሉ ላይ ዘጭ! ሀብታሙ እሳቸውን ልያዝ ሲል መቅዘፊያው ከእጁ አመለጠና በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ሄደ። ጀልባው እንደ እንዝርት ይዞር ጀመር። አያ ከበደ "ኧረ በእመቤቴ! ኧረ በሚካኤል!" ይላሉ፣ ጀልባው ባሰበት፣ "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" አሉ። እኔ ከዳር ሆኜ "አያ ከበደ፣ የኛንም ጨመሩበት?" ብላቸው "ሀዋ፣ ያገኘሁትን ነው የምጠራው!" አሉኝ። አላህ ይስጣቸው፣ ሳቁ ሊገድለኝ ነበር።

ይሄኔ ዞር ብል ዘሀራ አጠገቤ የለችም። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ "ቢስሚላህ" ብላ ውሃው ውስጥ ገብታለች! "ዘሀራ! ዘሀራ፣ ተመለሽ!" አልኩ። ማን ሰምቶኝ። ውሃው ጉልበቷን አለፈ፣ ወገቧ ደረሰ። የጀልባውን ገመድ ያዘችና "አብሽሩ አባባ፣ ይዤዎታለሁ" አለቻቸው። እየጎተተች መጣች፣ መጣች፣ እና መሀል ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ እኔም ላለቅስ ነው። ለካስ እየሳቀች ነው! አያ ከበደ ራሳቸው በውሃ ርሰው ዱላቸው እንዳይረጥብ ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ይዘዋል። እሷ ስትስቅ ሀብታሙ ሳቀ፣ ሀብታሙ ሲስቅ አያ ከበደም ሳቁ። ልጆቼ፣ የልጄን ሳቅ ከሄደች ጀምሮ አልሰማሁትም። እዚያው ጭቃው ላይ ዝርፍጥ አልኩ፣ እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።

ሲወጡ አያ ከበደ ጋቢያቸውን ጨምቀው አለበሷት። "ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር? ምን ላድርግልሽ?" አሏት። "ምንም" አለች። በቃ፣ ተመልሳ ተዘጋች ብዬ ነበር። ከዚያ ቀና አለችና "አባባ፣ አጥሩን ተዉት" አለች።

"ለምን?"

"እዚያ ጅዳ የነበርኩበት ቤት ባሕሩ በኩሽናው መስኮት ይታያል። ማታ ማታ ሰዉ ልጆቹን ይዞ ይወጣል፣ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ ልጆቹ ውሃው ውስጥ ይሯሯጣሉ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ አያቸዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ባሕር አጠገብ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ እግሬን አላስነካሁም። ዛሬ ነው የነካሁት፣ እዚህ። እና እናንተ ካጠራችሁት፣ የምትከፍለው የሌላት ልጅ በሽቦ ውስጥ ልታየው ነው?"

አያ ከበደ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ዱርዬውስ?" አሉ። "እናቶች ከነልጆቻቸው ከሞሉት ዱርዬ የት ይቀመጣል አባባ?" አለች። "ከብቱስ?" ይሄን ጊዜ ሀብታሙ ገባ፣ "ለከብቱ በታች በኩል መጠጫውን እንለይለታለን፣ ልብስ ለሚያጥቡትም ከመጠጫው ራቅ አድርገን ድንጋይ እናነጥፋለን፣ ውሃውም አይቆሽሽም" አለና በእርሳሱ አጥሩን ሰረዘው። ከዚያ "ዘሀራ፣ እስቲ ነይ አሳዪኝ፣ ወንበሮቹ ወዴት ይዙሩ?" አላት። በንድፉ ላይ ወደ ካፌው ነበር የዞሩት። "ወደ ውሃው ነዋ!" አለችው። እና ሁለቱ እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ዳርቻውን "እዚህ ጥላ፣ እዚህ መንገድ" እያሉ ዞሩት። እኔን የሚደግፍ ጠፋ! በአያ ከበደ ዱላ ነው ቤቴ የገባሁት።

ታዲያ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሠራው። አያ ከበደ ከማሳቸው ዳር ድንጋዩን ሰጡ፣ የእኛ ሴቶች አሸዋ ተሸከሙ፣ ወጣቱ ችግኝ ተከለ። ዘሀራ ከዓረብ አገር የተመለሱ ጓደኞቿን ሰብስባ ካፌ የተባለውን ሻይ ቤት ያዙት፣ ጀልባዋንም እሷ ናት የምትቀዝፋት። አሁን ከወግዲም ከደጎሎም በሚኒባስ ሙሽራ ጭነው ይመጣሉ። የዚያ የብርድ አገር የአቀስታ ሰዎች ሳይቀሩ ይመጣሉ፣ "ይሄ ብርድ ነው እንዴ?" እያሉ ጃኬታቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። አልሀምዱሊላህ! ልጅ ከሰው አገር ስትመለስ ቤትና አልጋ ብቻ አይበቃትም፤ የምትወጣበትም ቦታ ያስፈልጋታል፣ እኔ ያየሁት ይሄን ነው።

"እማማ ሀዋ" አለች ከሚሰሙት አንዷ፣ "እሁድ እኛም እንመጣለን። ከውሃው ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ያዙልን።"

"ኧረ እቴ! እሱማ አይያዝም" አሉ እየሳቁ፣ "ከፈለግሽ ቀድመሽኝ ነይ!"