የደረቀው ቧንቧ ሂሳብ

ረፋድ ላይ፣ ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ፤ ጡረተኛው የቤት ባለቤት ጋሽ ደምመላሽና ከጓሮ ባለችው አንድ ክፍል የምትኖረው ተከራያቸው ዝናሽ ግቢው በር አጠገብ፣ የውሃ ቆጣሪው ዘንድ ቆመዋል።

ደምመላሽ፦ ፍራሽሽን አንሺና ውጪ አልኩሽ። ዛሬ ነው፣ ነገ አይደለም።

ዝናሽ፦ ፍራሹን ማንሳት አያቅተኝም። ሌባ ተብዬ ግን አልወጣም።

ደምመላሽ፦ ታዲያ ምን ልበልሽ? ይኸው የውሃው ቢል። ያለፈውም ወር በዝቶብኝ ነበር፣ ይሄ ደግሞ የእሱ እጥፍ ሆኖ መጣብኝ። ብቻዬን የምኖር ሽማግሌ ነኝ፣ ዝሆን አላጠብኩ።

ዝናሽ፦ እኔም ዝሆን የለኝም።

ደምመላሽ፦ የሆስፒታሉ ጋውን አለሽ። ገመዱ ላይ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ዝናሽ፦ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፣ ቆሻሻ ለብሼ በሽተኛ ዘንድ ልግባ? ደግሞስ በየትኛው ውሃ ነው የማጥበው? የግቢውን ቧንቧ በጓጉንቸር ቆልፈው ቁልፉን አንገትዎ ላይ አንጠልጥለዋል። ከዚያ ወዲህ ከቦኖ በጄሪካን እየተሸከምኩ ነው የምኖረው። ወገቤ ተቆረጠ።

ደምመላሽ፦ ስተኛ ጠብቀሽ ትከፍቺዋለሽ።

ዝናሽ፦ በምን? በጥርሴ?

ደምመላሽ፦ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ቆልፌውም ሂሳቡ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ዝናሽ፦ እስቲ ያሉትን መልሰው ይስሙት። ተቆልፎ ከጨመረ፣ ውሃውን የሚጨርሰው ሌላ ነው ማለት አይደለም?

ደምመላሽ፦ ነገር አትጠምዝዢብኝ። ይሄስ? ‘ፍሳሽ’ ይላል፣ እሱም አብጧል። እጣቢሽን ቦዩ ውስጥ የምትደፊው አንቺ፣ የምከፍለው እኔ።

ዝናሽ፦ ያምጡት ልየው። ጋሽ ደምመላሽ፣ ፍሳሹን ማንም ቆሞ እጣቢ እየቆጠረ አይጽፈውም። ከውሃው ላይ ነው የሚሰላው። ውሃው ሲያብጥ እሱም አብሮ ያብጣል።

ደምመላሽ፦ ማን ነገረሽ?

ዝናሽ፦ እዚሁ ከታች ተጽፏል፣ መነጽርዎን ቢያደርጉ ኖሮ።

ደምመላሽ፦ መነጽሬን ተዪው። ቦዩ በደለል ተደፍኖ ይሸታል፣ አንድ ቀን መጥቶ የጠረገው የለም። ታዲያ የምኑን ፍሳሽ ነው የምከፍለው?

ዝናሽ፦ እሱስ እውነትዎን ነው፣ ለውሃ ቢሮው ይንገሩት። ለእኔ ግን አይንገሩኝ። ሐምሌ ላይ ከጣሪያዎ የወረደው ጎርፍ መሄጃ አጥቶ አልጋዬ ሥር ሲገባ በሳህን እየቀዳሁ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሸንዳውን ያስጠግኑልኝ ስልዎት ‘ዝናብ የእግዜር ነው’ አሉኝ።

ደምመላሽ፦ የእግዜር አይደለም?

ዝናሽ፦ ጣሪያው የእርስዎ ነው።

ደምመላሽ፦ አቤት ምላስ። ቢሮውማ ሄጄ ነበር። ክፍያ የምትቀበለው ልጅ ‘መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ተከራከር’ ብላ መስኮቱን ዘጋችብኝ። ካልከፈልኩ ሊቆርጡብኝ ነው።

ዝናሽ፦ እሷ ላይ ያልወጣው ንዴት እኔ ላይ ይውጣ? ባለፈው ወር ዕድር ላይ ተነሥተው ምን አሉ? ‘ቤቴ የውሃ ሌባ አስጠግቻለሁ።’ ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ባለሱቋ ዱቤ ከልክላኛለች። ቤት ልከራይ የሄድኩባት ሴትዮ የማን ግቢ እንደምኖር ስትሰማ በሩን መለሰችው። ዛሬ ፍራሼን ተሸክሜ ማን ደጅ ልውደቅ?

ደምመላሽ፦ እሱን ቀድመሽ ማሰብ ነበር።

ዝናሽ፦ ቆይ፣ ይህ ድምፅ ምንድን ነው?

ደምመላሽ፦ የምን ድምፅ?

ዝናሽ፦ ከእርስዎ ቤት፣ እንደ እባብ ሹ የሚለው። ጠዋት ማታ እሰማዋለሁ።

ደምመላሽ፦ እሱማ የጓዳው ቧንቧ ነው። ከፍቼ ባዶ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጣለሁ። ፈረቃችን ደርሶ ውሃ ሲመጣ ባልዲውን ሲመታው እሰማለሁ። አለዚያ እንቅልፍ ይዞኝ ያመልጠኛል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ዝናሽ፦ አይዘጉትም?

ደምመላሽ፦ ምን አለውና እዘጋዋለሁ? አየር ነው የሚተፋው።

ዝናሽ፦ እስቲ የቆጣሪውን ክዳን ያንሱልኝ።

ደምመላሽ፦ ምን ልታደርጊ?

ዝናሽ፦ ልይ። ይኸው፣ ይመልከቱ። መርፌው እየዞረ ነው።

ደምመላሽ፦ እሰይ፣ ውሃ መጣ ማለት ነው። ባልዲው ሳይፈስ ልድረስ።

ዝናሽ፦ ይሂዱ። ከዚያው ሆነው ጮክ ብለው ይንገሩኝ። መጥቷል?

ደምመላሽ፦ የለም። ባልዲው ደረቅ ነው፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ዝናሽ፦ እዚህ ግን መርፌው እየጋለበ ነው። እስቲ ቧንቧውን ይዝጉት።

ደምመላሽ፦ ዘጋሁት።

ዝናሽ፦ ቆመ።

ደምመላሽ፦ ውሸትሽን ነው።

ዝናሽ፦ እኔን አይመኑኝ። ይምጡና እዚህ ይቁሙ፣ እኔ ገብቼ ልክፈተው። ይኸው ገባሁ፣ ከፈትኩት። ምን ያደርጋል?

ደምመላሽ፦ እንጃ።

ዝናሽ፦ እንጃ አይባልም፣ ዓይንዎ ሥር ነው። ምን ያደርጋል?

ደምመላሽ፦ ይዞራል።

ዝናሽ፦ ዘጋሁት። አሁንስ?

ደምመላሽ፦ ቆመ። ኧረ ጉድ ነው፣ ነፋስ ነው ለካ ስከፍል የኖርኩት።

ዝናሽ፦ ለነፋሱም የፍሳሽ ከፍለውለታል።

ደምመላሽ፦ ነፋስና ውሃ የማይለይ ቆጣሪ የተከሉት እነሱ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው?

ዝናሽ፦ ቆጣሪውን የተከሉት እነሱ፣ ቧንቧውን ከፍተው የተዉት እርስዎ፣ ሌባዋ ግን እኔ ሆንኩ።

ደምመላሽ፦ እሺ፣ ተሳሳትኩ። ሰው ነኝ። አሁን አብረን ቢሮ እንሂድ። አንቺ አነጋገሩን ታውቂበታለሽ፣ ማመልከቻውን ጻፊልኝ። ባለሙያ ልከው ይዩት። መጀመሪያ ክፈል ቢሉሽም እንደ እኔ ተናደሽ አትወጪም።

ዝናሽ፦ እጽፍልዎታለሁ። እርስዎም ውሃው እስኪመጣ ቧንቧውን ይዝጉት፣ አለዚያ በሚመጣው ወርም ይኸው ነው።

ደምመላሽ፦ እዘጋዋለሁ። የጓጉንቸሩን ቁልፍ እንኪ። ፍራሽሽም ከቦታው አይነሣ። ኪራዩም ባለበት ይሁን። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?

ዝናሽ፦ የፊታችን እሁድ ዕድር ላይ ይነሡ።

ደምመላሽ፦ ተነሥቼ ምን ልበል? በዚህ ሽበቴ ‘ነፋስ ሲቆጥርብኝ ተከራዬን ሌባ አልኩ’ ልበል? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው? ተሳሳትኩ ብዬሻለሁ። በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።

ዝናሽ፦ ሲሰድቡኝ መቼ በእኔና በእርስዎ መካከል ነበር?

ደምመላሽ፦ አንቺ ልጅ ነገር አታክርሪ። ትወጫለሽ ወይስ ትቀመጫለሽ? እሱን ንገሪኝ።

ዝናሽ፦ ዛሬ አልወጣም። እሁድ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመው ‘ዝናሽ ሌባ አይደለችም’ እስኪሉ ድረስ ከዚህ ግቢ የሚያስወጣኝ የለም። ስሜ ከጸዳ የሚያከራየኝ አላጣም፣ ሰኞ ፍራሼን ራሴ አወጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ ቢለምኑኝም አልቀመጥም።