መደገፊያ ያለው ወንበር

ባልቴቷ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ የጸጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ ዘፍ አሉ። የሚላጨው ሰውዬ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኗል፤ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነው። ጫማው ግን ማንነቱን ይናገራል፤ በዚያ የድንበር ከተማ እንዲህ የሚያብለጨልጭ ጫማ ያለው የወረዳው ሹም ብቻ ነው። ባልቴቷን ምላሳቸው በላቸው፤ ሹሙን እንዳላወቁ ሆነው ጸጉር ቆራጩን ያናግሩ ጀመር።

«እንደምን ዋልክ ልጄ? ዝናቡም ጣለልን... ወንበሩ አዲስ ነው እንዴ? መደገፊያው ሲያምር! አደራህን፣ መደገፊያ የሌለው እንዳትገዛ... ሰው ያጣላል።

ሰው ስልህ፣ አገር ከአገር ነው የምልህ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እስከ ‹ለ› ነው፤ ሬዲዮ ግን እሰማለሁ። ድልድዩ ተዘጋ፤ አምባሳደሮቹ ሻንጣቸውን ሸከፉ፤ ባለወደቦቹ መርከብ አቆሙ፤ ከውቅያኖስ ማዶ ያሉት ኃያላን ደግሞ በአስተርጓሚ ይሞላለጫሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ አይደል? የዚህ ሥሩ ምን ይመስልሃል? በርጩማ! የወንዝ ማዶዎቹ ስብሰባ ጠርተው አንድ የኛን ትልቅ ሰው በርጩማ ላይ አስቀመጡ አሉ። እኚህ ሰው ወገባቸው የአገር ወገብ አይደል? ተነሡና ድልድዩን ዘጉ። መንግሥትም ‹ተደፈርን› አለ፤ ምርጫ ደርሶበት የድንበሩን ሰው ያስቀይማል እንዴ?

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንል ነበር፣ እኛ መሃይሞቹ። ለካ ሣርም ሲያኮርፍ ዝሆን ያጣላል! እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?... አንተ ላጭ እንጂ። ጉሮሮው ጋ ብቻ ቀስ በል።

እኔማ ምን ቸገረኝ? ልጄ ማዶ አገባች እንጂ። የበኩሯ ነው፤ ወሯ ገብቷል። ከወንዙ ዳር ቆሜ የቤቷን ጣሪያ አያለሁ... ጣሪያ ማየት ቀላል ነገር ነው? ትናንት ዘበኛውን ብለምነው ‹እማማ፣ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ሆኗል› አለኝ። ኮራሁ! ከዘሬ ምጧ በዓለም ሸንጎ የታየላት ማን አለች?»

ከአረፋው በላይ የሰውዬው ጆሮ ቀላ። ምላጩ ቆመ። ባልቴቷ ከዘራቸውን አንሥተው፣ የወንበሩን መደገፊያ በመዳፋቸው ደባበሱት።

«በል ልሂድ፣ ወንዙ ዳር ይጠብቀኛል። ለእኚያ ትልቅ ሰው ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሴት ልጆች ይስጣቸው፤ ሁሉንም ማዶ ይዳሩላቸው። አርጅተው የልጅ ልጅ ሊያቅፉ ሲነሡ... ድልድዩ ላይ ልክ እንደሳቸው ክብሩን የሚያውቅ ሹም ይግጠማቸው። መደገፊያ ያለው ወንበርም አይጡ፤ ደገፍ ብለው ጣሪያውን ያያሉ።»